አውራ ጣቴ የሌለበት ውክልና

ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቤቴን ያሳጣኝ ወንድምህ ሚልክያስ ሻንቆ ነው። ስሙን ከሰላምታው በላይ የጻፍኩት፣ ሌላውን ሳታነብ ብትተወው እንኳ ይህን አንብበህ እንድትተወው ነው።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። ውድ የእህቴ ልጅ እዮኤል፣ በጌታ ስም፣ በቋንቋችን ሳሮ ብዬ ሰላም ብዬሃለሁ። እዚያ ደርባን መግባትህና መውጣትህ የተጠበቀ ይሁን። በሰው አገር ስምህን አስተካክሎ የሚጠራህ ሰው አትጣ። እኔ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልጽፍልህም፤ ፊደል የቆጠርኩት ለውሸት አይደለም።

የሆነው እንዲህ ነው። አምና ግንቦት ላይ ሚልክያስ መጥቶ፣ “አክስቴ፣ መታወቂያሽ ጊዜው አልፏል፤ ስጪኝና ቀበሌ ወስጄ ላሳድስልሽ” አለኝ። ሰጠሁት። በሰኔ እግሬ አብጦ መርገጥ ሲያቅተኝ ወደ ዱቦ ሆስፒታል ሄድኩ። ሆስፒታሉ ደህና አድርጎ አከመኝ፤ ቁስሉ በየሁለት ቀኑ መታጠብ ስለነበረበት እዚያው አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ቤት ከረምኩ። ስሄድ የቤቴን ቁልፍ ያስረከብኩት ለሚልክያስ ነው። የጓሮውን አቮካዶ ጠብቅልኝ አልኩት። አቮካዶውን ጠብቆልኛል፤ ዛሬም እዚያው ቆሟል።

መስከረም ላይ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ቤቴ ልዋል ብዬ ስመጣ የእንጨቱ በሬ ተነቅሎ የብረት በር ገብቶበታል። አንኳኳሁ። አንድ ሰውዬ ወጣ።

“እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?”

“እኔን” አልኩት። “ጸሐዬ ዳልጮን። የምትኖረው እዚህ ነው።”

ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር አወጣልኝ። ውሃ ሰጠኝ። ከዚያ ወረቀት አመጣ። ጸሐዬ ዳልጮ ቤቷን እንዲሸጥላት ለእህቷ ልጅ ለሚልክያስ ውክልና ሰጥታለች፤ ከታችም በአውራ ጣቷ አሻራ አድርጋለች። ሰማያዊ ቀለም፣ ማህተም፣ ሁሉም አለው። የኔ ጣት ብቻ የለበትም።

ሚልክያስን ገበያ መሀል አገኘሁት። ሰው እየሰማ፣ “አክስቴ፣ ራስሽ አሻራ አድርገሽ ረሳሽው እንዴ? ምን ታድርጊ፣ ዕድሜ ነው” አለኝ። ከዚያ እጄን ይዞ ሳመኝ። ሰው ሁሉ ለእሱ አዘነለት።

አሁን የምኖረው ከመናኸሪያው አጠገብ ባለው ወፍጮ ቤት በረንዳ ላይ ነው። አምስት ሴቶች ነን። ካርቶኑን ከመሬቱ፣ ላስቲኩን ከላይ እናደርጋለን። የዱቄት ብናኝ ፀጉራችን ላይ ስለሚያርፍ ሁላችንም አንድ ዕድሜ መስለናል። እናትህ “ሁምቦ ነይ፣ ከእኔ ጋር ኑሪ” ብላ ሰው ልካብኛለች። አልሄድኩም። ቤት ያለኝ ሴት ነኝ፤ ሰው ቤት አልጠጋም።

አንተ የምታውቀው፣ ሌላ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ድሮ ደብዳቤዬን የሚጽፍልኝ ሚልክያስ ነበር። እኔ “ጤንነቱን ጠይቅልኝ” ስለው እሱ “ብር ላክልኝ” ብሎ ይጽፍ እንደነበር ካንተ በስልክ የሰማሁ ቀን ነው በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት። ለሚልክያስ አልነገርኩትም። ለእናትህም አልነገርኩም። የጻፍኩት ላንተ ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ገንዘብ አይደለም። ወንድምህን ጠይቀው፤ የመለሰልህንም ሳትቀንስ ጻፍልኝ። ስልኬን በረንዳው ላይ ሰርቀውኛል። ቢኖረኝም አልደውልልህም ነበር፤ በስልክ የተባለ ነገር በማግስቱ አልተባለም ይባላል። በቤተ ክርስቲያኑ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ላክልኝ።

አክስትህ ጸሐዬ ዳልጮ
በገዛ እጄ


ደርባን፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ ለወይዘሮ ጸሐዬ ዳልጮ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የሰማይና የምድር ጌታ ሰላሙን፣ ጤናውንና ረጅም ዕድሜውን እንዲሰጥዎት እየጸለይኩ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሱቁም እንደ አቅሙ እየሄደ ነው። ሚያዝያ ላይ ከተዘረፍኩ በኋላ ሁሉን ከዜሮ ነው የጀመርኩት፤ እግዚአብሔር ግን ሰው አያሳጣም።

ደብዳቤዎ ደርሶኝ በጣም አዘንኩ። እንዴት እንዳዘንኩ ለመግለጽ ቃል የለኝም። አምና “አቮካዶው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ ያንተ ድርሻ ግን ወድቆ ይበሰብሳል” ብለው የጻፉልኝን ደብዳቤ ትናንት አውጥቼ ደግሜ አነበብኩትና እንባዬ መጣ።

አክስቴ፣ ነገሩ የቤተሰብ ነገር ነው። የቤተሰብ ነገር ደግሞ በሽማግሌ ቢያልቅ ይሻላል። ፍርድ ቤት ያደክማል፤ የእርስዎም እግር እንደልብ አይራመድም። እስከዚያው እናቴ ጋ ሁምቦ ቢቀመጡ እኔም ልቤ ያርፋል። እሷም ሰሞኑን የደም ግፊቷ ተነስቶባታልና ብቻዋን ባትሆን ደስ ይለኛል። ወደ ሶዶ በሚመጣ ሰው እጅ ትንሽ ገንዘብ ልኬአለሁ፤ ለብርድ ልብስና ለሚያስፈልግዎ ሁሉ ይሁን።

ከብዙ ፍቅርና አክብሮት ጋር፣
ልጅዎ እዮኤል ሻንቆ


ሶዶ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእዮኤል፣ ሰላም ይብዛልህ። ጤና አይለይህ። እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሚልክያስ የሚል ስም ፈልጌ አጣሁ። ደግሞ እርስዎ ብለኸኛል። እኔ ነኝ ያዘልኩህ፤ ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩት? ገንዘቡን ያመጣውን ሰው አመስግኜ ከነፖስታው መልሼዋለሁ። ቤት ጠይቄህ ብርድ ልብስ አትላክልኝ።

አሁን የምነግርህ አዲስ ነገር አለ።

እኛ በረንዳ ፊት ለፊት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠረጴዛ የሚዘረጉ ሰዎች መጥተዋል። የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ ግማሾቹ ከአዲስ አበባ፣ ግማሾቹ ከሶዶው ቅርንጫፍ። ሰማያዊ ካናቴራ ለብሰዋል፤ ጀርባው ላይ “ከወገን ጎን” ተብሎ ተጽፏል። ጎዳና ላይ ለሚኖር ሰው በነጻ የሕግ ምክር እንሰጣለን፣ አቤቱታ እንጽፋለን ይላሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አልተነሳሁላቸውም። ከሕግ አዋቂው ይልቅ ፎቶ አንሺው ይበዛ ነበር። አንዱ ልጅ ካሜራ ይዞ እላዬ ላይ ቆመና፣ “እማማ፣ ወደ ብርሃኑ ዞር ይበሉልኝ” አለኝ።

“አንተ ወደ ሥራህ ዞር በል” አልኩት።

ከጠረጴዛው አንዲት ሴት ሳቀች። ስሟ ህብረት ነው። ካሜራውን ከልጁ ላይ ወስዳ ቦርሳ ውስጥ ከተተችውና አጠገቤ መጥታ ካርቶኔ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። “ነገረ ፈጅ ነኝ” አለችኝ። “ከሰኞ እስከ ዓርብ ድርጅቴ እንዳይከፍል እከራከራለሁ። ቅዳሜ ደግሞ እዚህ ነኝ።” እውነቱን ስለተናገረች ወደድኳት። ተነስቼ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የቀን ሥራ ደመወዙን የተከለከለ ተሸካሚና ለሕፃኗ የልደት ወረቀት ያጣች እናት ነበሩ። ሁለቱንም ሳትቸኩል ሰማቻቸው።

ተራዬ ሲደርስ ቅጽ አወጣች። “አድራሻ?” አለችኝ።

“የወፍጮ ቤቱ በረንዳ፣ ከበሩ በስተግራ።”

እንዳልኳት ጻፈችው። ነገሬን ሁሉ ነገርኳት። ጽፋ ስትጨርስ ቅጹን ወደ እኔ አዞረችና፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፍታ አስጠጋችልኝ። ያ ሰማያዊ ቀለም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለመጣች አሮጊት ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

“እዚህ ጋ አውራ ጣትዎን።”

“ቀለምሽን ክደኚ” አልኳት። “ብዕር ስጪኝ።”

“ይፈርማሉ?”

“መጀመሪያ አነባለሁ።”

ጮክ ብዬ አነበብኩት። “አመልካቿ መጠለያ አልባ ስትሆን” የሚለው ላይ ስደርስ አቆምኩ። “ይህን አጥፊው። ቤቷን የተነጠቀች በይ” አልኳት። አጠፋችው። ፈረምኩ።

ከዚያ ህብረት ቤቴን የገዛው ሰውዬ የሰጠኝን የውክልናውን ቅጂ አንስታ እስከ መጨረሻው አነበበች። አንድ መስመር በጣቷ አሳየችኝ። እኔ በንዴት እታች ያለውን ቀለም ብቻ ሳይ ያላነበብኩት መስመር ነው። እንዲህ ይላል፦ “ማንበብና መጻፍ የማልችል በመሆኔ ቃሉ ተነቦልኝ በአሻራዬ አረጋግጫለሁ።”

“እማማ፣ በግንቦት 2016 ማንበብ ይችሉ ነበር?”

“ከ2013 ጀምሮ።”

“ማን ያውቃል?”

እዮኤል፣ እዚህ ላይ የሚያውቀኝን ሰው በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። አስተማሪያችን አቶ በድሉ ወደ ትውልድ አገሩ ሄዷል። የስም መዝገቡ ጣሪያው አፍስሶበት ቦክቷል። አብረውኝ ከተማሩት ሁለቱ ሞተዋል። ሌላ ማንም አያውቅም፤ ደብቄዋለሁና። እናትህ አንዲት ጎረቤቷ ደብተር ይዛ ስትሄድ አይታ፣ “የመቃብርሽን ጽሑፍ ልትጽፊ ነው?” ብላ ስትስቅባት ሰምቻለሁ። እኔ ላይ እንድትስቅ አልፈለግኩም።

“ማንም አያውቅም ማለት ለዳኛው አይችሉም ማለት ነው” አለችኝ ህብረት። “አሻራው ደግሞ ተጨማልቋል፤ ቢመረመርም መስመሩ ላይለይ ይችላል። ለሰው ጽፈው አያውቁም?”

“ለእህቴ ልጅ። አስራ አንድ ደብዳቤ።”

እንዴት እንደተነሳች ብታይ! ወንበሩ ወደቀ።

እንግዲህ የምፈልገው ይህን ነው። ከ2013 እስከ 2016 የጻፍኩልህን ደብዳቤዎች መልስልኝ። ፎቶ አይደለም፤ ዋናውን፣ የፖስታ ቤት ማህተም ካለበት ፖስታው ጋር። ያንተን ነገር አይደለም የምጠይቅህ። የኔው ጽሑፍ ነው።

አክስትህ ጸሐዬ


ደርባን፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ፦

የእግዚአብሔር ጸጋና ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ሳልጽፍ የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ስለ ደብዳቤዎቹ የጠየቁኝን ፈለግኩ። ነገር ግን ሚያዝያ ላይ ሱቁ ሲዘረፍ ብዙ ነገር አብሮ ጠፍቷል፤ ወረቀቶቼም በዚያው ሄደዋል። በእውነቱ በጣም ያሳዝናል። የቤት ኪራይ በየወሩ ልልክልዎ ዝግጁ ነኝ፤ ጥሩ ክፍል ይፈልጉና ያሳውቁኝ። የእናቴ ግፊት አልወረደም። ክሱን ሰምታ ምግብ ትታለች። እባክዎ አክስቴ፣ ስለ እሷ ሲሉ ነገሩን ያቆዩት።

ልጅዎ እዮኤል


ሶዶ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እዮኤል፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ጌታ ከሌባ ይጠብቅህ።

የኅዳሩን ደብዳቤህን ከፊቴ ዘርግቼዋለሁ። “ትናንት አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት” ብለህ የአቮካዶውን ነገር ቃል በቃል ጽፈህልኛል። ሚያዝያ ላይ የጠፋ ወረቀት ኅዳር ላይ እንዴት ተነበበ? ልጄ፣ የምትጽፈውን የምታነብ አክስት አለችህ። ድሮ ያልነበረችህ ናት፤ ገና አልለመድካትም።

ሌላም ነገር ልንገርህ። ሱቅህ በሚያዝያ ተዘረፈ። ውክልናው በግንቦት ተጻፈ። ቤቴ በሰኔ ተሸጠ። ሱቅህ በሐምሌ ተከፈተ። ወር መቁጠር የተማርኩት ከፊደል በፊት ነው። ከዚህ በላይ በዚህ ነገር አልጽፍብህም። አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔም ማወቄን አሁን ታውቃለህ።

ክሱን ከፍቻለሁ። መክፈቱም ራሱን የቻለ ክስ ነበር። የዳኝነት ክፍያ ሳልከፍል እንድከስ የደሃ ማስረጃ ከቀበሌ አምጪ ተባልኩ። ቀበሌ ደግሞ የቤት ቁጥር ጠየቀኝ። “ለቤት ቁጥሬ ነው የምከሰው” ብላቸው ጸሐፊው ፈገግ ብሎ፣ “አድራሻ ለሌለው ሰው መጻፍ አንችልም” አለኝ። ለህብረት ነገርኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ የወፍጮ ቤቱን ባለቤትና ሦስት የበረንዳ ሴቶችን ምስክር አድርጋ ማመልከቻ ጻፈች፤ እኔ ይዤ ሄድኩ፤ አራት ቀን በር ላይ ተቀመጥኩ። በአምስተኛው ቀን ጸሐፊው ደከመው። “የወፍጮ ቤት በረንዳ ነዋሪ” ብሎ ጽፎ ማህተም መታበት። በዚህ ከተማ ማህተም ያለው በረንዳ ያላት ሴት እኔ ብቻ ነኝ።

ህብረት ችሎት ገብታ ልትናገርልኝ አትችልም፤ የድርጅት ነገረ ፈጅ ስለሆነች ሕጉ አይፈቅድላትም። “እኔ እጽፋለሁ፣ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። ይፈራሉ?” አለችኝ።

“ሠላሳ ዓመት ገበያ ላይ ቅቤ ሸጫለሁ” አልኳት። “ቅቤዬ ውስጥ ውሃ አለ ካለ ሰው ጋር ሁሉ ተከራክሬ ረትቻለሁ።”

አሻራው ለምርመራ ተልኮ ነበር። ቀለሙ ስለተጨማለቀ መለየት አይቻልም ተብሎ ተመልሷል። ሚልክያስ በጽሑፍ የሰጠው መልስ እጄ ላይ ነው። “ከሳሽ ሀ ሁ እንኳ የማታውቅ መሆኗን ዘመድ ሁሉ ያውቃል” ይላል። ሳነበው ሳቅኩ። እውነቱን ነው፣ ዘመድ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቀው። ካንተ በቀር።

ቀጠሮው ሰኔ 10 ነው። ደብዳቤዎቹ ከመጡ ቤቴ እገባለሁ። ካልመጡ ሚልክያስ እውነተኛ፣ እኔ ዝንጉ አሮጊት ሆኜ እቀራለሁ። ሌላ ማስረጃ የለም። ሁለተኛ አልለምንህም፤ ይህን ለማሳወቅ ነው።

ጸሐዬ ዳልጮ


ደርባን፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

እርስዎ ማለቱን ትቼዋለሁ። እርስዎ ብዬ የጻፍኩልሽ፣ እንደዚያ ስጠራሽ የማታልለው ሌላ ሰው ስለሚመስለኝ ነበር።

ደብዳቤዎችሽ አስራ አንዱም ከነፖስታቸው ከዚህ ጋር አሉ። አልጠፉም ነበር። አልጋዬ ሥር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው። ለሠርግ ወደ ሶዶ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ፤ ለአንቺ እንጂ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

አሁን የማልጽፈው ነገር ሊኖር አይገባም። ሱቁ ሲዘረፍ ለእናቴ ደውዬ፣ “ካልረዳችሁኝ አለቀልኝ፣ በእግሬም ቢሆን እመለሳለሁ” ብዬ አለቀስኩ። ገንዘቡ ሲመጣ ከየት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። መጠየቅ አልፈለግኩም። ሐምሌ ላይ ሚልክያስ ራሱ ነገረኝ። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሁሉንም አውቅ ነበር።

ውክልናው የተጻፈበት ቢሮ ባንቺ ስም ቀርባ አሻራ ያደረገችው ሴት እናቴ ናት። ነጠላዋን ተከናንባ ያንቺን መታወቂያ ይዛ ሄደች። ሁለታችሁም የአያቴ የዳልጮ ልጆች ናችሁ፤ ፎቶውን ያየ ሰው አልተጠራጠረም። ቀለሙ የተጨማለቀው እጇ ስለተንቀጠቀጠ ነው። ሚልክያስ፣ “ለእዮኤል ነው፣ እሷ እንደሆነ ልጅ የላትም” አላት። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ በትክክል ታውቅ እንደነበር እኔ አላውቅም። ማንበብ አትችልም።

አክስቴ፣ በደብዳቤዎቹ ቤትሽን ውሰጂ። ሚልክያስንም እንደፈለግሽ አድርጊው። የእናቴን ስም ግን ችሎት ፊት እንዳታነሺ እለምንሻለሁ። ለመለመን መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ።

እዮኤል


ሶዶ፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

እዮኤል፣

ይህን የምጽፍልህ ከቤቴ፣ ከአቮካዶው ሥር ተቀምጬ ነው። የብረቱን በር አልነቀልኩትም፤ ከበፊቱ ይሻላል።

ችሎቱን ልንገርህ። ሰኔ 10 ቀን ሚልክያስ ሱፍ ለብሶ መጣ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል፣ “ተው፣ እግሬ ገና ያመኛል” አልኩት። ዳኛው እድሜያቸው ካንተ አይበልጥም፤ ግን የሚያዳምጡ ሰው ናቸው። ሚልክያስ፣ “ክቡር ፍርድ ቤት፣ አክስቴ ብዕር ይዛ አታውቅም፤ ጠላት መክሯት ነው” አለ። ህብረት ከኋላ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጣለች። እንደ ሥራ ቀን ለብሳለች፤ ካናቴራው የለም።

ዳኛው ወረቀትና ብዕር አስመጡልኝ። “የምነግርዎትን ይጻፉ” አሉኝ። ከዚያ ውክልናውን አንስተው ማንበብ ጀመሩ። “እኔ ጸሐዬ ዳልጮ የተባልኩ፣ ቤቴን የሚሸጥልኝ ወኪል በፈቃዴ…”

ብዕሩን አስቀመጥኩት።

“ምነው?”

“ክቡር ዳኛ፣ ይህ አንድ ጊዜ ያለ እኔ ተጽፏል። ሁለተኛ በእጄ አልጽፈውም። ሌላ ይበሉኝ።”

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። “ታዲያ የመጡበትን ይጻፉ” አሉኝ። ጻፍኩ። እግሬ ድኗል፣ ቤቴን መልሱልኝ፣ ብዬ ቀንና ፊርማ አደረግኩበት። ከዚያ አስራ አንዱን ደብዳቤ ከነፖስታቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ዳኛው የፖስታ ቤቱን ማህተም አንድ በአንድ አዩ፤ የእጅ ጽሑፉን አስተያዩ፤ ከዚያ አንዱን ጮክ ብለው አነበቡት። የአቮካዶውን ነው። “ያንተ ድርሻ ግን ወድቆ ይበሰብሳል” የሚለው ላይ ሲደርሱ ሚልክያስን አየሁት። አንተን ነበር የሚያስበው። ከማን እንደመጡ ገብቶታል።

“ማንበብና መጻፍ የማልችል በመሆኔ የሚለው ቃል ሐሰት ነው” አሉ ዳኛው። “ታዲያ ይህ አሻራ የማን ነው?”

ቦርሳዬ ውስጥ ያንተ ደብዳቤ ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ሳስበው አድሬ ነው የመጣሁት። “የማን እንዳልሆነ ተናግሬያለሁ” አልኩ። “የማን እንደሆነ፣ ወኪሏ ነኝ ብሎ ሴትዮዋን ይዞ የሄደው ይናገር።” ሚልክያስ ዞሮ ወደ በሩ አየ። ላቡ በሱፉ አንገት ላይ ሲወርድ አየሁ። እናቱን መጥራት አለበት፣ ወይም ዝም ማለት። ዝም አለ። የወንጀሉ መዝገብ ፖሊስ ጋ ተከፍቷል፤ እዚያም ይጠይቁታል። የእናቱን ስም ከልጇ አፍ ይስሙት እንጂ ከእህቷ አፍ አይሰሙትም። ይህን ያደረግኩት ላንተ ልመና ብዬ አይደለም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተፈረደልኝ። ገዢው ሰውዬ ገንዘቡን ከሚልክያስ እየተቀበለ ነው፤ ሚልክያስ ባጃጁን ሸጧል። ሰውዬው እቃውን ሲያወጣ ሦስት ልጆቹ አቮካዶው ላይ ወጥተው አንወርድም አሉ። ሲበስል እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።

የህብረት ሰዎች አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። እኔም ጠረጴዛቸው ጫፍ ላይ ወንበር አለኝ፤ ለሚመጡት ሴቶች ቅጹን በቋንቋችን አነብላቸዋለሁ። ካናቴራውን ልበሺ አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። አንድ ነገር ግን አስለውጫለሁ። የቀለሙ ቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። መሳቢያ ውስጥ ነው። የመጣች ሴት ሁሉ መጀመሪያ “ትጽፊያለሽ?” ተብላ ትጠየቃለች። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የሰባ ዓመት ሴት “አዎ” አለች። ህብረት ዞር ብላ አየችኝ።

አሁን ወደ እናትህ ልምጣ።

ማክሰኞ ዕለት መጣች። ቂም ይዞ ወደ ጊፋታ መሻገር እንደማይገባ ታውቃለህ፤ እሷም ለዚያው ነው የመጣችው። ከሁምቦ በሚኒባስ፣ ቦዬ የምንለውን ሥራ ሥር በማዳበሪያ ተሸክማ። በሩ ላይ ቁጭ አለች። “ግቢ” አላልኳትም፣ “ሂጂ”ም አላልኳትም። ግቢዬን መጥረግ ቀጠልኩ።

“ጸሐዬ” አለች በመጨረሻ። “እውነት ፊደል ተምረሻል?”

“ተምሬያለሁ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“እንዳትስቂብኝ።”

“እስቅ ነበር” አለች። ቀጥላም፣ “አንቺ ትጽፊ እንደነበር ባውቅ ኖሮ…” ብላ ተወችው። እኔም አላስጨረስኳትም። ያን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እያሰብኩት ነው። ብነግራት ኖሮ ሚልክያስ ያን ወረቀት አያጽፈውም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው አልልም። ጥፋቱ የሚልክያስ ነው፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ እንደጻፍኩት። ግን መደበቄ ለእሱ መንገድ ሰጥቶታል።

“የኔን ስም ጻፊልኝ እስቲ” አለችኝ።

በከሰል በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ጻፍኩላት። አስናቀች ዳልጮ። ቀርባ አየችው። “ይህ ነው እኔ?” አለች። “ይህ ነሽ” አልኳት። በጣቷ ልትነካው እጇን ዘርግታ መለሰችው። እዚያ በተቀመጠችበት ጊዜ ሁሉ አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ነበር። አይቻታለሁ። ማየቴንም አይታለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አልተነጋገርንም። ቦዬውን ቀቀልኩት፣ በሚያቃጥል ዳጣ እያጠቀስን በላን፣ መሸባትና አደረች።

ደብዳቤዎችህን ለእናትህ የሚያነብላት እስካሁን ሚልክያስ ነበር። ምን እያነበበላት እንደኖረ እግዚአብሔር ይወቅ። ከአሁን በኋላ በእኔ የፖስታ ሣጥን ላክላት፤ የጻፍከውን፣ የጻፍከውን ብቻ አነብላታለሁ። ስለዚህ ስትጽፍላት ተጠንቀቅ።

ገንዘብ አትላክልኝ። ሱቅህን ዝጋም አልልህም። ከቤቴ ግድግዳ የበቀለ ሱቅ መሆኑን ግን በየቀኑ ስትከፍተው እወቀው።

ይህን ደብዳቤ ስትከፍት ከላይ ምርቃት እንደሌለው አይተሃል። ረስቼው አይደለም። አስራ አንዱም የድሮ ደብዳቤዎቼ፣ በረንዳ ላይ ሆኜ የጻፍኳቸውም ሦስቱ፣ ሁሉም ምርቃት አላቸው፤ የድሮዎቹን ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥክ፣ የኋለኞቹን ሦስቱን ደግሞ የሆነውን ሁሉ እያወቅክ ተቀበልክ። አቮካዶው ሥር ሁለተኛ ወንበር አለ። ምርቃቴን ከፈለግክ መጥተህ፣ እዚህ ተቀምጠህ፣ ራስህን ጎንበስ አድርገህ ከአፌ ትቀበላለህ። ከእንግዲህ ምርቃት በፖስታ አልልክም።

ጸሐዬ ዳልጮ
በገዛ እጄ፣ በገዛ ቤቴ